የሥዕል መጽሐፍና የሕፃኑ የራሱ ቃል

 

የቲም የሚረዳ ሰው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ከሚረዳው ልጅ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። ትምህርቴን በርትቼ እየተማርኩ ነው። አላህ ይስጥልኝ።» ሃያ ልጆች ቢጽፉ የሃያውም ደብዳቤ አንድ ነው። ጥፋቱ ግን የልጆቹ አይደለም። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ደብዳቤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ልጆች እንዲገለብጡ አድርጌአለሁ። ረጂው ገንዘቡ መድረሱን ያውቃል፤ ልጁን ግን አያውቀውም። ከዚህም የሚከፋው፣ ልጁ የሚናገረው የራሱ ነገር እንዳለው ሳያውቅ ማደጉ ነው።

መገልበጥና መድረስ

በልጅነቴ በመድረሳ ስማር በእንጨት ሎሕ ላይ በከሰል ቀለም እንጽፍ ነበር። ኡስታዛችን አንዲት ሐርፍ ብትዛነፍ አጥበን እንደገና እንድንጽፍ ያዙን ነበር፤ ትክክልም ነበሩ። የአላህ ቃል እንደ ወረደ ይጠበቃል እንጂ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። በኋላ ግን ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ መምህሩ ድርሰት እንድንጽፍ ባዘዙን ጊዜ ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። የሚገለበጥ ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ። መገልበጥ አንድ ዕውቀት ነው፤ የራስን ሐሳብ መድረስ ደግሞ ሌላ ዕውቀት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካውም። ለድርሰት የራሱ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ለትንንሽ ልጆች ካየኋቸው መንገዶች ሁሉ የቀለለው የሥዕል መጽሐፍ ነው።

ሥዕሉ ምን ያደርጋል?

በደብረ ማርቆስ አካባቢ የምትገኘው ሮብ ገበያ፣ ስሟ እንደሚናገረው፣ የረቡዕ ገበያ ናት። በዚያ ለጥቂት ልጆች ጭነት ያጎነበሳት አህያ በዳገት ስትወጣ የሚያሳይ ሥዕል አሳየኋቸው። በሥዕሉ ሥር የነበረውን ጽሑፍ በወረቀት ሸፈንኩት። «ምን ታያላችሁ?» አልኩና ዝም አልኩ። ከዚያ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በራሱ ጽፎ የማያውቅ አንድ የቲም ልጅ እንዲህ ጻፈ፦ «አህያዋ ደክሟታል። ጌታዋ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ።»

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ልጅ «ስለ ራስህ ጻፍ» ቢባል ኖሮ አንዲት ቃል አይወጣውም ነበር። ሐዘን የደረሰበትን ልጅ በቀጥታ ስለ ራሱ መጠየቅ ቁስሉን መንካት ነው። በሥዕሉ ውስጥ ስላለው ሌላ ፍጡር ሲናገር ግን ይደፍራል። ከዚህም ሌላ ሥዕል «ምን ልጻፍ?» የሚለውን ጭንቀት ያስቀራል። ታሪኩንም ጀምሮ ይተወዋል እንጂ አይጨርሰውም፤ መጨረሱ የልጁ ድርሻ ይሆናል።

በአገራችን መጻሕፍቱ እንዴት መጡ?

በሥዕል የታጀበ ተረት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐብደላህ ኢብኑል ሙቀፈዕ ወደ ዐረብኛ የመለሰው «ከሊላ ወዲምና» በእንስሳት አንደበት ጥበብን የሚያስተምር ሲሆን፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተዘጋጁ ባለ ሥዕል ቅጂዎቹ ዛሬም አሉ። በእኛም ጎጃም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትመዋል።

ለሕፃናት በቀለም ሥዕል የተሠራ የአማርኛ መጽሐፍ ግን ለረጅም ጊዜ ብርቅ ነበር። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአሜሪካ ሳንፍራንሲስኮ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በአገራችን ቋንቋ የተጻፈ የሕፃናት መጽሐፍ ማጣታቸው አሳሰባቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. የማሞ ቂሎን ተረት ከነሥዕሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በኋላም በሐዋሳ በአህያ ጋሪ የሚዞር ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የተነሣው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የተሰኘ ሥራ ባለ ሥዕል ታሪኮችን፣ አማርኛም ጭምር፣ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ያቀርባል። አንድ ሰው ከከተማ አሳትሞ ወደ ገጠር ሊልካቸው ይችላል።

ነገሩ ትርፍ ጉዳይ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

በቤትም በክፍልም የሚሠራ ሥርዓት

አንደኛ፣ ጽሑፉን ሸፍናችሁ ሥዕሉን ብቻ አሳዩ። ልጁ እስኪጠግብ ይመልከት።

ሁለተኛ፣ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ምን ታያለህ? ከዚህ በፊት ምን ሆኖ ነበር? ከዚህ በኋላስ ምን ይሆናል? ከጠየቃችሁ በኋላ ታገሡ። ልጁ ዝም ሲል መልሱን አትንገሩት።

ሦስተኛ፣ በቃል ያውራው። «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» ብላችሁ ተቀበሉት። ምሽት እሳት ዳር ያደገ ልጅ ይህን ያውቅበታል።

አራተኛ፣ ያወራውን ይጻፍ። በመጀመሪያው ቀን «ሀ»ን ከ«ሐ»፣ «ሰ»ን ከ«ሠ» አምታታህ ብላችሁ በቀይ እስክሪብቶ አትሠርዙበት። እርማቱ ነገ ይደርሳል፤ የሸሸ ድፍረት ግን ቶሎ አይመለስም።

አምስተኛ፣ መጽሐፍ ይሥራ። አንድ ወረቀት ሁለት ጊዜ ታጥፎ ሲቆረጥ ስምንት ገጽ ይወጣዋል። በመርፌና በክር ይሰፋ፤ ሥዕሉንም ራሱ ይሣል፤ በሽፋኑ ላይ ስሙን ይጻፍ።

ስለ ሥዕል የሚነሣ ጥያቄ

አንዳንድ ወላጆች «ኡስታዝ፣ ሥዕሉ ችግር የለውም ወይ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው በአሻንጉሊት ይጫወቱ እንደነበርና ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳልከለከሏቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ከዚህ በመነሣት ብዙ ዑለማዎች ለሕፃናት መማሪያና መጫወቻ የሆነውን አቅልለው አይተውታል። ነፍስ ካለው ነገር ሥዕል የሚጠነቀቅ ቤተሰብም አይቸገርም፤ የተከፈተ በር፣ የተሰበረ እንስራ፣ በጭቃ ላይ የቀረ የእግር ዱካ ይበቃል። «ማን አለፈ? ወዴት ሄደ?» ማለት ብቻ ታሪክ ያስጀምራል።

ከረጂዎች ምን ይጠበቃል?

ያ ስለ አህያዋ የጻፈው ልጅ በክረምት ለረጂው ደብዳቤ ሲጽፍ በሰሌዳ ምንም አልጻፍኩለትም። እንዲህ አለ፦ «ጣራችን ያፈስሳል። ደብተሬን ድስት ውስጥ እከድነዋለሁ። እናቴ ወጥ ስትሠራ አውጥቼ አነባለሁ።» ደብዳቤው አልለመነም፤ አላማረረምም። ግን ያነበበው ሰው ልጁን አወቀው።

ስለዚህ ውድ ረጂዎች፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም ስትሰጡ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ጨምሩበት። ደብዳቤ ሲደርሳችሁም መልስ ጻፉ፤ በመልሳችሁም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ድስቱ ምን ዓይነት ነው? ምን ታነባለህ? ልጁ የሚያነብለት ሰው እንዳለው ካወቀ ይጽፋል። ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ የወረደው ቃል ንባብን አዝዟል፤ ብዕርንም አውስቷል። ሁለቱንም ለየቲሞቻችን እናድርስ።

አላህ ሥራችንን ይቀበለን።