የአንጎልን ጥናት ከኮምፒውተር ቋንቋ ጋር አጣምሮ ስለ ማስተማር

የነርቭ ሕዋስ መልእክቱን የሚያስተላልፈው በኤሌክትሪክ ምት ነው። የዘመኑ ተመራማሪዎች በአንድ ጊዜ የብዙ መቶ ሕዋሳትን ምት ስለሚመዘግቡ፣ ያን ሁሉ በእጅ ቆጥሮ መዝለቅ አይቻልም። ስለዚህ አንጎልን የሚያጠና ተማሪ ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍን፣ ይኸውም ኮድን፣ መማር ግዴታው ሆኗል። ታዲያ መመዝገቢያው መሣሪያ የሌለው፣ ለምሳሌ ጋምቤላ ከተማ ላይ ያለ ተማሪ፣ በምን ይለማመድ?

መልሱ ለሁሉ ክፍት በሆነ የምርምር መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኒኮላስ ስታይንሜትስና ባልደረቦቹ ከ10 አይጦች አንጎል፣ ከ42 ክፍሎች፣ ወደ 30,000 የሚጠጉ ሕዋሳትን ምት መዝግበው ውጤቱን አሳተሙ፤ መዝገቡንም ለዓለም በነጻ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 የተጀመረው ኒውሮማች አካዳሚ ይህንኑ መዝገብ ፓይተን በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ቋንቋ ማስተማሪያ አደረገው። መዝገቡና ፓይተን አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫኑ በኋላ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም።

ትምህርቱ ግን ከኮድ ሳይሆን ከጥያቄ ይጀምር። አንድ ሰው የባሮ ድልድይ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይቁጠር እንበል። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት 6 ሰዎች፣ በቀጠሉት ሁለት ሰዓቶች ደግሞ 16 ሰዎች አለፉ። መንገደኛው በዛ ወይስ አነሰ? 16 ከ6 ይበልጣልና «በዛ» ለማለት ያስቸኩላል። በሰዓት ሲካፈል ግን የፊተኛው 12፣ የኋለኛው 8 ነው፤ እንግዲያው አንሷል።

የአይጦቹም መዝገብ እንዲሁ ነው። ለኒውሮማች በተዘጋጀው ቅጂ እያንዳንዱ ሙከራ በ250 ክፍልፋዮች ተመድቧል፤ አንዱ ክፍልፋይ 10 ሚሊሰከንድ ነው። አይጧ ሥዕሉ የሚታያት ከ50ኛው ክፍልፋይ በኋላ ነው። እንግዲህ ከሥዕሉ በፊት ግማሽ ሰከንድ፣ ከሥዕሉ በኋላ ሁለት ሰከንድ አለ ማለት ነው። ተማሪው የአንዱን ሕዋስ ምት በሁለቱም ወገን እንዲደምር፣ ድምሩን በጊዜው እንዲያካፍል፣ ሁለቱን እንዲያነጻጽር ኮምፒውተሩን ያዛል። ይህ ከጥቂት መስመር አያልፍም። ማካፈሉን የዘነጋ ግን ዝም ያለውን ሕዋስ «ነቃ» ብሎ ይመሰክርበታል፤ ኮምፒውተሩም አያርመውም።

በጋምቤላ ክልል አኝዋክኛ፣ ኑዌርኛና ማጃንግኛ አፋቸውን የፈቱበት ተማሪዎች አብረው ይቀመጣሉ። የፓይተን ትእዛዞች ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ ሐሳቡ ግን የማንም ቋንቋ ርስት አይደለም። ስለዚህ መምህሩ ጥያቄውን ተማሪዎቹ በየቋንቋቸው እንዲከራከሩበት፣ ቀጥሎ በወረቀት እንዲቆጥሩ፣ በመጨረሻ ኮዱን እንዲጽፉ ቢያደርግ ይበጃል።

በዚህ መንገድ የተማረ ሰው የሌላውን ውጤት ተቀብሎ የሚሸመድድ ብቻ አይሆንም። መዝገቡን ከፍቶ «እስቲ እኔም ልቁጠረው» ሊል ይችላል። ዕውቀት የጋራ የሚሆነውም ያን ጊዜ ነው።