በፕላስቲክ ዕቃ ግርጌ ስለሚገኘው ቍጥርና ስለ መለየቱ ጥቅም

አማርኛ ተናጋሪ ሰው ስሱን ከረጢት ፌስታል፣ የችግኝ ቤቱን ልባስ ላስቲክ፣ የውሃውን ጠርሙስ ሃይላንድ፣ የእህሉን ከረጢት ማዳበሪያ ይለዋል። ማዳበሪያ የሚለው ስም ለመሬት ከሚሰጠው ምግብ ተነሥቶ ወደ መያዣው የተሻገረው፣ ምግቡ በዚያ ከረጢት ተሞልቶ ስለ መጣ ነው። እነዚህ ስሞች ዕቃው ለምን ሥራ እንደ ዋለ ወይም ማን እንደ ሸጠው ይናገራሉ እንጂ ከምን እንደ ተሠራ አይናገሩም። በመጋዘን ጓሮ ተከምሮ ሲታይም ሁሉ አንድ ዓይነት ቈሻሻ ይመስላል። በባሕርዩ ግን አንዱ ከሌላው እንደ ብረትና እንደ መዳብ የተለየ ነው። ይህን ልዩነት ለመግለጽ የተበጀው ምልክት በዕቃው ግርጌ በትንሽ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚገኘው ቍጥር ነው።

ነገሩ የከተማ ጽዳት ሹምን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2021 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ላይ ለእርሻና ለከብት ርባታ ሥራ በየዓመቱ 12.5 ሚሊዮን ቶን የፕላስቲክ ዕቃ እንደሚውል ገልጿል። (በዚህ ጽሕፈት ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ይህ ሁሉ የሚወጣው ከማሳ ዳር፣ ከችግኝ ጣቢያ፣ ከአበባ እርሻና ከኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ስለ ሆነ፣ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ይልቅ ለወረዳው ሹምና ለእርሻው ባለቤት ይቀርባል። ብዙውን ጊዜም ዕጣው በማሳ ዳር መቃጠል ወይም ከአፈር ጋር መታረስ ነው።

የቍጥሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። በ1970 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገ የሥዕል ውድድር ጋሪ አንደርሰን የተባለ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እርስ በርሳቸው የሚከታተሉ ሦስት ቀስቶች ያሉበትን ምልክት ሥሎ አሸነፈ። ምልክቱ ተመልሶ የሚሠራን ወረቀት እንዲያመለክት የታሰበ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ይህን የመሰለ የቀስት ሦስት ማዕዘን ወስዶ በመካከሉ ከ1 እስከ 7 ያለውን ቍጥር አገባበት። ዓላማው የተጣለውን ዕቃ የሚለየው ሠራተኛ ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ በዓይኑ አይቶ እንዲያውቅ ነበር። ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ቍጥሩ በጠርሙስና በጠንካራ መያዣ ላይ እንዲኖር በሕግ አዘዙ። የአውሮፓ ኅብረትም በ1997 ዓ.ም. የራሱን ተራ ሲያወጣ ከ1 እስከ 6 ያሉትን በዚያው ትርጓሜ አስቀራቸው።

ይሁን እንጂ ቀስቱን ያየ ሰው ሁሉ ዕቃው በእርግጥ ተመልሶ የሚሠራ ነው ብሎ ማመን ጀመረ። ቍጥሩ ግን እንዲህ ያለ ተስፋ ከቶ አልሰጠም። የሚናገረው የዕቃውን ዘር ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ምልክቱን የሚያስተዳድረው ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ቀስቶቹን አንሥቶ ተራ ሦስት ማዕዘን አደረገው። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ የካሊፎርኒያ ግዛት፣ በእውነት ተሰብስቦ በማይሠራ ዕቃ ላይ ቀስቱ እንዳይታተም የሚያግድ ሕግ አወጣ። ቀስት ያለበት ዕቃ ዛሬም በገበያ ሞልቷል፤ የቍጥሩ ትርጓሜ ግን ቀስት ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው።

ለእርሻ ሰው ከሁሉ የሚበልጡት ሦስት ቍጥሮች ናቸው፤ 2፣ 4 እና 5። 2 ቍጥር ጠንካራው ፖሊኤቲሊን ሲሆን የዘይትና የውሃ ጀሪካን፣ አብዛኛውም የተባይ መድኃኒት መያዣ ከእርሱ ይሠራል። 4 ቍጥር ለስላሳው ፖሊኤቲሊን ነው። የአበባ እርሻ ቤት ልባስ፣ ውሃ በጠብታ የሚያደርስ የመስኖ ቱቦ፣ ችግኝ የሚፈላበት ጥቁር ከረጢት በብዛት ከዚህ ወገን ናቸው። 5 ቍጥር ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ በጆንያ ፈንታ የመጣው የተሸመነ ከረጢት፣ ባልዲና ገመድ ከእርሱ ይወጣሉ። ፌስታል ከሁለት ወገን ነው፤ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሸው ከ2፣ ለስላሳው ከ4 ይመደባል። (በኢትዮጵያ ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2025 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ስላጸደቀ፣ የእርሱ ነገር ከመለየት ይልቅ ከመተው የሚቈጠር ነው።)

ከቀሩት 1 ቍጥር የውሃ ጠርሙስ ነው። 3 ቍጥር ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው፣ ደረቁ የውሃና የመስኖ ቧንቧ ነው። 6 ቍጥር ነጩን ፎም ይጨምራል። 7 ቍጥር ከስድስቱ ያልገባ ሁሉ የሚጣልበት ጎራ ስለ ሆነ፣ ሁለት ባለ 7 ዕቃዎች ምንም ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል።

መለየቱ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገለጸው በእሳት ፊት ነው። ፖሊኤቲሊን ከ105 እስከ 135 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ፖሊፕሮፒሊን 160 ገደማ፣ የውሃው ጠርሙስ ደግሞ 250 ገደማ ይፈልጋል። ተደባልቀው ወደ ማቅለጫው መኪና ሲገቡ አንዱ ሲፈስ ሌላው ገና ጠጣር ሆኖ ማጥለያውን ይዘጋል። ሁሉ ቢቀልጡ እንኳ እንደ ዘይትና ውሃ ስለማይዋሐዱ፣ ከድብልቁ የተሠራው ባልዲ ገና ሳያረጅ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የከፋው የ1 እና የ3 መቀላቀል ነው። ፒ.ቪ.ሲ. ጠርሙሱ በሚቀልጥበት ሙቀት አይጸናም፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እያወጣ ይፈርሳል። በብዙ ጠርሙስ መካከል የገባ እጅግ ጥቂት ፒ.ቪ.ሲ. ጠቅላላውን ያበላሻል፤ ሁለቱም ደግሞ ጥርት ያሉ ሲሆኑ በዓይን ይመሳሰላሉ። ነጋዴ ያልተለየ ክምር አይቶ ዋጋ የሚሰብረው ወይም ጨርሶ የሚተወው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ቆራሌው አይወቀስም።

ቍጥሩ በጠንካራ ዕቃ ላይ በግርጌው ተቀርጾ ይገኛል። በላስቲክና በተሸመነ ከረጢት ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ በአሮጌ ዕቃም ተፍቆ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ የሚረዳ ቀላል ፈተና አለ። ከዕቃው ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ፣ የአየር አረፋ እንዳይይዘው በሳሙና ውሃ አርሶ፣ በባልዲ ውሃ ውስጥ መጨመር ነው። 2፣ 4 እና 5 ከውሃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ፤ 1፣ 3 እና 6 ይሰጥማሉ። ፎም ግን ከ6 ወገን ሆኖ ሳለ በውስጡ አየር ስለ ሞላበት አይሰጥምና በዚህ አይፈተንም። ፋብሪካዎችም በዚሁ ጥበብ ይሠራሉ፤ የውሃው ጠርሙስ ከነክዳኑ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ከ2 ወይም ከ5 የተሠራው ክዳን ሲንሳፈፍ ገላው ይሰጥማል።

ከሰጠሙት መካከል 1ን ከ3 ለመለየት የጠርሙሱን ግርጌ መመልከት ነው። ባለ 1 ቍጥሩ በግርጌው መካከል እንደ ነጥብ ያለ ምልክት አለው፤ የፒ.ቪ.ሲ. ጠርሙስ ግን ግርጌውን የሚያቋርጥ የስፌት መስመር ይታይበታል፤ ሲታጠፍም በእጥፋቱ ላይ ይነጣል። አንዳንድ ሰው በክብሪት አቃጥሎ በሽታው ለመለየት ይሞክራል። ይህ ሊከለከል የሚገባው ልማድ ነው፤ የፒ.ቪ.ሲ. ጢስ ዓይንንና ሳንባን የሚጎዳ አሲድ ስላለበት ነው።

አንድ ዕቃ ሁለት ቍጥር ያለው መሆኑም መዘንጋት የለበትም። የመሬት ማዳበሪያ የሚመጣበት ከረጢት ብዙ ጊዜ ላዩ የተሸመነ 5፣ ውስጡ የፖሊኤቲሊን ስስ ገበር ነው። እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ያጠኑት፣ ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢትም ሁለቱ የውስጥ ድርቦች 2፣ የላዩ 5 ነው። እንዲህ ያለው ከረጢት ለእህል የማይሆን ሆኖ ሲያረጅ ገበሩን ከላዩ ነጥሎ ማውጣት የአንድ ሰው የአፍታ ሥራ ነው፤ ከተጨመቀና ከታሰረ በኋላ ግን ማንም አይፈታውም። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ቍጥር ያላቸው ሁለት ዕቃዎች ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም። በአየር ተነፍቶ የተሠራ ባለ 2 ጀሪካንና በቅርጽ ተጨምቆ የተሠራ ባለ 2 ሣጥን ሲቀልጡ አፈሳሰሳቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ገዢው ለየብቻ ቢጠይቃቸው ልማዱን የሚያውቅ ሰው ነው።

ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ ቢባል፣ እርሱ የመድኃኒቱ ጀሪካን ነው። ፀረ ተባይ የመጣበት መያዣና የምግብ ዘይት የመጣበት ጀሪካን በግርጌያቸው አንድ ቍጥር አላቸው፤ ሁለቱም 2 ናቸው። ቍጥሩ ስለ ዘሩ እውነት ተናግሯል፤ በውስጡ ስለ ነበረው ግን ዝም ብሏል። መያዣው ጠንካራና ክዳኑ ጥብቅ በመሆኑ ታጥቦ ለመጠጥ ውሃ፣ ለጠላ፣ ለወተት ሊውል ይፈለጋል። መርዙ ግን በግድግዳው ላይ ብቻ ሳይቀር ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ፣ በአመድም በፈላ ውሃም ተፈግፍጎ አይጠራም። «2 ቍጥር ለምግብ ይሆናል» የሚለው አባባል በከተማ ሲነገር ምንም ላይጎዳ ይችላል፤ በገጠር ግን ሕፃን ሊገድል ይችላል።

የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ስለ ባዶ የመድኃኒት መያዣ ባወጡት መመሪያ የተመከረው ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ነው። መያዣው እንደ ባዶ፣ ረጪው ገና በማሳ ሳለ፣ ከሩብ ገደማ ውሃ ተጨምሮበት፣ ክዳኑ ተዘግቶ በደንብ ይወዘወዛል። እጣቢው ወደ መርጫው መሣሪያ ይገለበጣል፤ ይህም ሦስት ጊዜ ይደገማል። እጣቢው በማሳው ላይ ስለሚረጭ መድኃኒቱ አይባክንም፤ ወደ ወንዝም አይወርድም። ከዚያ በኋላ ማንም ዳግመኛ ውሃ እንዳይቀዳበት ግርጌው ይበሳል። ማለቅለቁ መያዣውን ለሚሰበስበውና ለሚፈጨው ሠራተኛ አደጋውን የሚቀንስ እንጂ ለቤት ዕቃነት የሚያበቃ አይደለም።

ይህ ሊፈጸም የሚችል መሆኑን ብራዚል አሳይታለች። በ2000 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ገበሬው መድኃኒቱን በገዛ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ባዶውን መያዣ፣ በግዢው ደረሰኝ ላይ ወደ ተጻፈው ቦታ እንዲመልስ ታዘዘ። ነጋዴው መቀበያ ቦታ እንዲያዘጋጅ፣ መድኃኒቱን የሠራው ኩባንያም ከዚያ ወስዶ እንዲያጠፋ ወይም መልሶ እንዲያሠራ ግዴታ ተጣለበት። ለዚህ ሥራ ኢንፔቭ የተባለ ድርጅት በ2001 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያ አገር መድኃኒቱን በቀጥታ ከያዘው የፕላስቲክ መያዣ ከመቶ 90 የሚበልጠው ተመልሶ ይሰበሰባል። ከእርሱ የሚሠራውም ለኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ ቱቦና እንደገና ለመድኃኒት መያዣ የመሳሰለው ነው እንጂ የምግብ ዕቃ አይደለም። ሥራው የሰመረው ገበሬው ከሌላው በልጦ ጠንቃቃ ስለ ሆነ አይመስልም፤ የመመለሻው ቦታ በደረሰኙ ላይ ስለ ተጻፈለት ነው።

እንግዲህ በወረዳ ደረጃ ሥራው ሲጀመር የመጀመሪያው መለያ ቍጥሩ ሳይሆን መርዝ ነክቶታል ወይስ አልነካውም የሚለው ነው። የመድኃኒት መያዣ ሁሉ ሌላው ከመነካቱ በፊት ተለቅልቆና ተበስቶ፣ ከእህልና ከመኖ በራቀ በተቈለፈ ቤት ይቀመጣል፤ ለቆራሌውም አይሸጥም። የቀረው ከዚያ በኋላ በቍጥሩ ይከፈላል። ሰባት ክምር ማበጀት ግን ከንቱ ድካም ነው። ከመሰብሰብ በፊት ገዢውን ጠይቆ የሚፈልገውን ማወቅ ይሻላል፤ ገዢ የሌለው ቍጥር ተለይቶም ቈሻሻ ነው። ሮላንድ ጋየርና ባልደረቦቹ በ2017 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት እስከ 2015 ዓ.ም. ከተጣለው የዓለም ፕላስቲክ ተመልሶ የተሠራው ከመቶ 9 ያህል ብቻ መሆኑ፣ ቍጥር መታተሙ ብቻውን ፋብሪካ እንደማይሆን ያስረዳል።

የችግኝ ከረጢት በተለይ ትዕግሥት ይጠይቃል። በተከላ ጊዜ ሥሩ እንዳይታፈን ከረጢቱ ሊወልቅ ይገባዋል፤ ነገር ግን የወለቀው በጉድጓዱ ዳር ይረሳል። የተሰበሰበውም ከራሱ የሚከብድ ጭቃ ይዞ ስለሚመጣ ገዢ አያነሣውም። ተካዮቹ ወደ ማሳው ሲወጡ ባዶ ማዳበሪያ ይዘው ቢሄዱና ከረጢቱን አራግፈው ቢያከማቹ፣ በደረቀም ጊዜ ጭቃው ቢረግፍ ለሽያጭ ይበቃል። የተለየው ሁሉ በጥላ ሥር ይቀመጥ፤ የፀሐይ ብርሃን ፕላስቲክን እያደረቀ ስለሚሰባብረው፣ በሜዳ የከረመ ላስቲክ ሲነሣ በእጅ ላይ ይበናል። ቍጥሩ የጠፋ፣ በውሃም ፈተና ያልታወቀ ዕቃ ደግሞ ለብቻው በአንድ ከረጢት ይያዛል እንጂ በግምት ወደ አንዱ ክምር አይጨመርም።