የሱቁ ሰዓት ሲረዝም የቤታችሁን ሰዓት አብራችሁ አስተካክሉ



ከአየር ጤና፣ ከአጣና ተራ፣ ከቤቴል፣ ከካራ ቆሬና ከዓለም ባንክ ወደ ክሊኒክ ከሚመጡት መካከል በንግድ ሥራ የሚተዳደሩ ባለትዳሮች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ የራሳቸው ሱቅ አላቸው። ሌሎቹ በልብስ መደብር፣ በጫማ ቤት፣ በሚኒ ማርኬት ወይም በሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ተቀጥረው በሻጭነትና በገንዘብ ተቀባይነት ይሠራሉ። ቀድሞ ሱቅ እስከ ምሽት የሚቆየው በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በአረፋ ሰሞን ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በኮሪደር ልማት በተሠሩ መንገዶች ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት ሆነው እንዲያገለግሉ ወሰነ። በመሆኑም ማምሸት ለብዙ ሻጮች የበዓል ሰሞን ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የዘወትር ሥራ ሆኗል።

የአንዲት ሻጭን ቀን እንቁጠር። ጠዋት 2 ሰዓት ገብታ ማታ 3፡30 ሱቁ ቢዘጋ፣ ሒሳብ አስረክባ፣ የታክሲ ወረፋ ጠብቃ ቤቷ የምትደርሰው 4፡30 ገደማ ነው። እራት በልታ፣ የነገውን አሰናድታ 5፡30 ብትተኛና ንጋት 11፡30 ብትነሣ የተኛችው 6 ሰዓት ብቻ ነው። ለአዋቂ ሰው ግን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ባሏም እንደዚሁ የሚያመሽ ከሆነ ሁለቱ የሚገናኙት በድካም ሰዓት ነው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር አንድ ነው። የሱቁ ሰዓት ሲለወጥ የቤታችሁም ሰዓት መለወጥ አለበት። በአጭር የሥራ ሰዓት ጊዜ የመረጣችሁት የእርግዝና መከላከያ፣ የጡት ማጥባት ልማድና የቤት ሥራ ክፍፍል ለረጅሙ ሰዓት ላይበቃ ይችላል። ሳትነጋገሩ ከቀራችሁ ያላሰባችሁት እርግዝና፣ የሕፃን መክሳት ወይም የትዳር ቅሬታ ሊመጣ ይችላል።

ሀ. ሕጉ ምን ይላል?

ሱቁ ክፍት የሚሆንበት ሰዓትና አንድ ሠራተኛ የሚሠራበት ሰዓት የተለያዩ ናቸው። ሱቁ 13 ሰዓት ተኩል ክፍት ሆነ ማለት አንድ ሰው ያን ሁሉ ሰዓት ይቁም ማለት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። የትርፍ ሰዓት ሥራ ደግሞ ለአስቸኳይ ጉዳይ፣ ለምሳሌ በድንገት የቀረ ሠራተኛን ለመተካት፣ የተፈቀደ ነው። እሱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ስለዚህ እስከ ምሽት ለሚሠራ ሱቅ ትክክለኛው መንገድ በፈረቃ ማሠራት ነው።

ክፍያውንም እወቁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። የአንድ ሰዓት ደመወዝዋ 30 ብር የሆነች ሻጭ ለአንድ ትርፍ ሰዓት 45 ብር ታገኛለች ማለት ነው። በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሆነ ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። በየሳምንቱም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ትርፍ ሰዓት ማሠራት፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው።

የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ በትንሽ ደብተር ጻፉ። ከአሠሪ ጋር በሰላም ለመነጋገርም፣ ካልተስማማችሁ በክፍለ ከተማችሁ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ለመሄድም ይጠቅማችኋል። የራሳችሁ ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ይህ ሕግ ለቀጠራችሁት ሠራተኛ እንደሚሠራ አትርሱ። ለራሳችሁም ተራ ገብታችሁ ሥሩ። ባል ጠዋት ከከፈተ ሚስት ማታ ትዝጋ፣ ወይም በተቃራኒው።

ለ. የእርግዝና መከላከያችሁን እንደገና ተመልከቱ

እንክብል የምትወስድ ሚስት፣ እንክብሏን በየቀኑ በአንድ ሰዓት መውሰድ አለባት። «ማታ ስተኛ» ብላ የምትወስድ ሴት ሱቅ ካመሸች ደክማ ሳትወስድ ልትተኛ ትችላለች። ስለዚህ የመውሰጃውን ጊዜ ከማይለወጥ ነገር ጋር ማያያዝ ይሻላል፤ ለምሳሌ ጠዋት ጥርስ ከመቦረሽ ጋር። የስልክ ደወልም ይረዳል፤ ባልም ያስታውሳት።

የተለመደውን እንክብል አንድ ቀን ብትረሳ እንዳስታወሰች ትዋጠው፤ የዕለቱንም በሰዓቱ ትውሰድ። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከረሳች አንዱን ወዲያው ውጣ የቀሩትን በየቀኑ ትቀጥል፤ ለ7 ቀንም ኮንዶም ተጠቀሙ። የተረሱት በሦስተኛው ረድፍ ያሉት ከሆኑ ቡናማዎቹን ትታ አዲስ እሽግ ትጀምር። ቡናማዎቹ የብረት ማዕድን ስለሆኑ እነሱን መርሳት እርግዝና አያመጣም። ለምታጠባ እናት የሚሰጠው እንክብል ግን ጥብቅ ነው፤ የወር አበባዋ የተመለሰ እናት ከ3 ሰዓት በላይ ካሳለፈች ለ2 ቀን ኮንዶም ያስፈልጋታል።

መርፌ የምትወጋ ሚስት፣ ቀጠሮዋ በየ3 ወሩ ነው። ቀጠሮው ከበዓል ገበያ ጋር ከተጋጨ እስከ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ መወጋት ይቻላል። ብትዘገይም እስከ 4 ሳምንት ድረስ ከመጣች ትወጋለች፤ ከዚያ ካለፈ ግን አስቀድሞ እርግዝና አለመኖሩ መጣራት አለበት። «ዛሬ ሱቅ አልለቀቁኝም» እያሉ ቀጠሮ ማሳለፍ ላልታሰበ እርግዝና በር ይከፍታል።

የሥራ ሰዓታቸው ለሚለዋወጥ ባለትዳሮች የረጅም ጊዜ መከላከያ ብዙ ጊዜ ይስማማል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ያገለግላል። በማኅፀን የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ እስከ 12 ዓመት ያገለግላል። በየቀኑ ማስታወስን አይጠይቁም። ልጅ ስትፈልጉ በማንኛውም ጊዜ ይወጣሉ፤ ከወጡ በኋላም ማርገዝ ይቻላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ በነጻ ይሰጣል። ከእነዚህ አንዳቸውም ግን ኤች አይ ቪንና የአባላዘር በሽታን አይከላከሉም፤ ያንን የሚከላከለው ኮንዶም ነው።

ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተደረገ የድንገተኛ መከላከያ እንክብል እስከ 5 ቀን ድረስ መውሰድ ይቻላል፤ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። የዘወትር መከላከያ አድርጎ መጠቀም ግን አይገባም።

ሐ. ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች

ቀኑን ሙሉ መቆም እግርን ያሳብጣል፣ ወገብንም ያሳምማል። ደንበኛ በሌለበት ጊዜ ሁሉ ትቀመጥ፤ እግሯንም በዝቅተኛ በርጩማ ወይም በካርቶን ላይ ታንሳ። ከባድ ካርቶንና ጆንያ ሌላ ሰው ያንሳላት።

ብዙ ሱቅ ሽንት ቤት የለውም። ስለዚህ ብዙ ሻጮች ውኃ አይጠጡም፣ ሽንታቸውንም ይይዛሉ። ይህ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ሊወጣና ምጥን ያለጊዜው ሊያመጣ ይችላል። ከጎረቤት ሱቅ ጋር ተስማምታ እየተጠባበቁ ሽንት ቤት ትሂድ፤ ውኃም ትጠጣ። ሽንት ሲሸና ካቃጠላት ወይም ትኩሳት ካላት ሳትውል ሳታድር ትመርመር።

ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አትጠጣ፤ ከምግብ የምናገኘውን የብረት ማዕድን ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳሉና አንድ ሰዓት ይዘግዩ። እንቅልፍን ለማባረር ጫት መቃም በእርግዝናም ሆነ በማጥባት ጊዜ ለእናትም ለልጅም ጎጂ ነው።

ማታ እግር ማበጡ የተለመደ ነው። ነገር ግን ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ካለ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ደም ወይም ውኃ ከፈሰሰ፣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ «ሱቁን ልዝጋና ነገ እሄዳለሁ» አይባልም። በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። ለእርግዝና ምርመራ የሚሄዱበት ጊዜ ደግሞ በሕግ ደመወዝ የሚታሰብበት ፈቃድ መሆኑን አሠሪውም ይወቀው።

መ. የምታጠባ እናት ወደ ሱቅ ስትመለስ

ሕጉ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። በሳምንት 6 ቀን ለምትሠራ ሴት 90 የሥራ ቀን 15 ሳምንት ነው። ስለዚህ እናት ወደ ሱቅ ስትመለስ ሕፃኑ ገና 3 ወር ተኩል ገደማ ነው። ሕፃን ግን እስከ 6 ወር ድረስ የጡት ወተት ብቻ ሊያገኝ ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለትዳሮች የማያውቁት ነገር አለ። ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ ነው። ሕፃኑ ከ6 ወር በታች መሆን አለበት፤ የወር አበባ መመለስ የለበትም፤ ሕፃኑም ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ እየጠባ፣ በሁለት ማጥባት መካከል ያለው ጊዜ ቀን ከ4፣ ሌሊት ከ6 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ የምትውል እናት ሦስተኛውን ልታሟላ አትችልም። «እያጠባሁ ነው» ብላ ሳትጠነቀቅ ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሯ በፊት መከላከያ ትምረጥ። ለማጥባት የሚስማማው እንክብል፣ በክንድ የሚቀበረው፣ ሉፑ፣ ከወሊድ 6 ሳምንት በኋላም መርፌው ወተት አይቀንሱም። ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ ከ2 ዓመት በኋላ ቢሆን ለእናትም ለሕፃንም ይበጃል።

ወተቱን ለማቆየት እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ማለብ ይቻላል። የታለበ ወተት በቤት ውስጥ በቀዝቃዛ ቦታ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ለሕፃኑ በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ስኒ ይሰጥ፤ ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ስለሆነ ተቅማጥ ያመጣል። ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ ጠዋት የታለበው እስከ እኩለ ቀን ይበቃል። ለከሰዓቱ አያት ወይም ሞግዚት በምሳ ሰዓት ሕፃኑን ወደ ሱቅ ብታመጣ፣ ወይም እናት ምሳ ሰዓት ቤት ብትደርስ መልካም ነው። በሱቅም ሳለች በየ3 ሰዓቱ ካላለበች ጡቷ ይወጠራል፣ ያተኩሳል፣ ወተቱም ይቀንሳል።

ሠ. ባልና ሚስት በምሽቱ ሰዓት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ የቤት ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሲሆን ሸክም ነው። ሚስት 4፡30 ገብታ ወጥ ልትሠራ፣ ዕቃ ልታጥብና ልጅ ልታስተኛ አይገባም። ቀድሞ የገባ ሰው እራት ያቅርብ፤ ባልም ቢሆን። በዕረፍት ቀን አንድ ላይ ወጥ ሠርቶ ማስቀመጥ የሳምንቱን ምሽት ያቀላል። የዕረፍቱ ቀን ግን ሙሉ በሙሉ በልብስ ማጠብ አይለቅ፤ ልጆች ወላጆቻቸውን የሚያገኙበት ቀን እሱ ነው።

ማምሸት ጥርጣሬም ያመጣል። «የት ቆየሽ?» «የት ቆየህ?» የሚል ንግግር በድካም ላይ ሲጨመር ወደ ጠብ ይሄዳል። ከመዘግየት በፊት መደዋወል፣ ሲቻልም ከታክሲ መውረጃው ሄዶ መቀበል ሥጋትንም ጥርጣሬንም ይቀንሳል። ድካም የግንኙነት ፍላጎትንም ይቀንሳል። ይህ ፍቅር አለቀ ማለት አይደለምና አትኳረፉበት፤ አንዱ ሌላውን አያስገድድ። በሳምንት አንድ ምሽት ቀድማችሁ የምትገናኙበት ቀን ወስኑ።

ከትርፍ ሰዓት የመጣውንም ገንዘብ አብራችሁ ቁጠሩ። ለማታ ታክሲ፣ ለሞግዚትና ከውጭ ለሚገዛ ምግብ የሚወጣውን ቀንሱ። የሚተርፈው ጥቂት ከሆነ፣ ከአሠሪ ጋር ስለ ፈረቃ መነጋገሩ ከማምሸት የተሻለ ትርፍ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ለመነጋገሪያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ዛሬ ማታ ወይም በቅርቡ የዕረፍት ቀናችሁ እነዚህን ጥያቄዎች አንዳችሁ ለሌላው አንብቡ።

1. እያንዳንዳችን በሳምንት ስንት ሰዓት እንሠራለን? ስንት ሰዓትስ እንተኛለን?

2. አሁን የምንጠቀመው መከላከያ ለአዲሱ የሥራ ሰዓት ይስማማል? ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? በዚያ ቀን ሱቁን ማን ይይዛል?

3. ሌላ ልጅ የምንፈልገው መቼ ነው? ያን ጊዜ ሥራውን እንዴት እናደርጋለን?

4. ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ልጆቹ ከማን ጋር ናቸው? እራቱን ማን ያቀርባል?

መልሳችሁን ይዛችሁ ሁለታችሁም ወደ ክሊኒክ ብትመጡ ደስ ይለናል። ባል ውጭ ቆሞ አይጠብቅ፤ አብሮ ይግባ፣ ይጠይቅ። የምትሠሩበትን ሰዓት በግልጽ ንገሩን፤ ለእናንተ የሚስማማውን መከላከያ ለመምረጥ ከዕድሜና ከልጆች ቁጥር ባላነሰ ይረዳናል።

ጤናና ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።