የተሰበረ ፕላስቲክ ከመለጠፋችን በፊት

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን የማቀርብላችሁ ስለ ባለ ሁለት ቱቦ ማጣበቂያ ነው። ብዙ ሰው «ኢፖክሲ» ይለዋል።

ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ ብታዩ ክዳኑ የተሰነጠቀ የእጅ ባትሪ፣ እጀታው የተሰበረ ጆግ፣ እግሩ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር ወይም የሚያፈስ ጄሪካን አይጠፋም። ያን ጊዜ የምንሰማው ምክር «ማጣበቂያ ገዝተህ ለጥፈው» የሚል ነው። ይለጠፋል፣ ይደርቃል፣ በሁለተኛው ቀን ይላቀቃል። ከዚያ «ማጣበቂያው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማጣበቂያው አይደለም። ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። ስለዚህ የጽሑፌ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ፕላስቲኩን ለዩ፣ ከዚያ ማጣበቂያ ግዙ።

ሁለት ቱቦ ለምን አስፈለገ?

አንዱ ቱቦ ውስጥ ያለው ሬዚን ይባላል። ሁለተኛው ማጠንከሪያ ነው። ለየብቻቸው ሲቀመጡ እንደ ማር ወፍራም ፈሳሽ ሆነው ለብዙ ጊዜ ይቆያሉ። ሲደባለቁ ግን ኬሚካዊ ለውጥ ይጀመራል። በረዶ ቀልጦ ውሃ ቢሆን መልሶ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ፊዚካዊ ለውጥ ነው። እንጀራ ግን አንዴ ከተጋገረ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም። ኢፖክሲም ከጠነከረ በኋላ ወደ ፈሳሽነት አይመለስም።

የሬዚኑ ሞለኪውሎች አጫጭር ክሮች ናቸው እንበል። ማጠንከሪያው ደግሞ ክሮቹን እርስ በርስ የሚያስር ቋጠሮ ነው። ክርና ቋጠሮ ሲገናኙ እንደ ቮሊቦል መረባችን ያለ መረብ ይሠራሉ። ቋጠሮው ካነሰ መረቡ ይላላል። ከበዛም ትርፉ የሚያስረው ክር አጥቶ ዝም ብሎ ውስጡ ይቀራል፤ ማጣበቂያውም ደካማ ይሆናል። ስለዚህ «ቶሎ እንዲደርቅ ማጠንከሪያ ጨምርበት» የሚባለው ልክ አይደለም። ቱቦው ላይ እኩል ለእኩል የሚል ከሆነ እኩል ለእኩል ነው። ሁለት ለአንድ የሚደባለቅም ስላለ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል።

ኢፖክሲን በመጀመሪያ ከሠሩት ሰዎች አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፒየር ካስታን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሠራው ያሰበው ለሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር። አይገርምም?

ፕላስቲኩን እንዴት እንለያለን?

አንደኛው መንገድ ቁጥሩን ማየት ነው። ብዙ ዕቃዎች ከሥራቸው ሦስት ማዕዘን የሠሩ ቀስቶች አሏቸው፤ መሀሉ ላይ ቁጥር አለ። 2 እና 4 ፖሊኤትሊን፣ 5 ደግሞ ፖሊፕሮፕሊን ማለት ነው። ጄሪካን ብዙውን ጊዜ ፖሊኤትሊን ነው፤ ብዙ ባልዲና የፕላስቲክ ወንበር ደግሞ ፖሊፕሮፕሊን ነው። ተራ ኢፖክሲ እነዚህን አይዝም። ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ እንጀራው ሳይጣበቅ ይነሳ የለ? የእነዚህ ፕላስቲኮች ገጽም ሳይታሰስ በተፈጥሮው እንደዚያ ነው። ማጣበቂያው ላዩ ላይ ይደርቃል እንጂ አይዝም፤ በጥፍር ሲነካ እንደ ቅርፊት ይነሳል።

ቁጥር ከሌለውስ? ውሃ ይፈርዳል። ከተሰበረው ቦታ ትንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ፣ ትንሽ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ጨምሩ። አየር እንዳይይዝ በጣት ወደ ታች ደፈቅ አድርጉት። ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፕሊን ከውሃ ስለሚቀልሉ ተመልሰው ይንሳፈፋሉ። የሬዲዮና የሪሞት ቀፎ የሚሠራባቸው ጠንካራ ፕላስቲኮች ግን ይሰምጣሉ። ይህንን በባዶ ሃይላንድ መሞከር ትችላላችሁ። ከጠርሙሱ የተቆረጠው ቁራጭ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ግን ይንሳፈፋል። የሰመጠ ሁሉ በአንድ ልክ ይጣበቃል ማለት አይደለም፣ ግን ተስፋ አለው። የተንሳፈፈ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የድምፅ ማጉያችን እንዴት ተጠገነ?

የክበባችን የእጅ ድምፅ ማጉያ ወድቆ እጀታው ለሁለት ተሰብሮ ነበር። አዲስ ለመግዛት የክበቡ መዋጮ አይበቃም። ስለዚህ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና የምናነበው በጩኸት ነበር፤ ከኋላ የሚሰለፉት ምንም አይሰሙም፣ እኛም ድምፃችን ይዘጋል። ከስብራቱ ጠርዝ በምላጭ ትንሽ ፍቀን ውሃ ውስጥ ስንጨምረው ሰመጠ። ከዚያ ከሳይንስ መምህራችን ጋር ሆነን የሠራነው እንዲህ ነው።

1. ማጽዳት፦ በሳሙና አጥበን አደረቅነው፤ ቅባት እንዳይቀር ደግሞ በአልኮል ጠረግነው።

2. ማሻከር፦ ሁለቱንም የስብራት ፊት ማንጸባረቁ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው። ማጣበቂያው የሚይዘው ሸካራ ቦታ ይፈልጋል። ብናኙን እንደገና ጠረግን።

3. ሳይቀቡ መግጠም፦ ከመቀባታችን በፊት ገጣጥመን አየን፤ ከተደባለቀ በኋላ ለማሰብ ጊዜ የለም።

4. መደባለቅ፦ ካርቶን ላይ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት መስመሮች አውጥተን፣ ቀለሙ አንድ እስኪሆን አንድ ደቂቃ ያህል በስቲኪኒ አማሰልን።

5. መግጠምና ማሰር፦ በሁለቱም ፊት በስሱ ቀብተን ገጠምንና በፕላስተር አሰርን። በጣም አልተጫንነውም፤ ከተጫኑት ማጣበቂያው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣል።

6. መጠበቅ፦ ቱቦው ላይ «5 ደቂቃ» ቢልም መጠንከር የሚጀምርበትን ነው እንጂ የሚያልቅበትን አይደለም። 24 ሰዓት ሳንነካው ቆየን። ብርድ ሲሆን ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

7. ማጠናከር፦ በማግስቱ ከውስጥ በኩል ስስ የጥጥ ጨርቅ በማጣበቂያ አርሰን ስብራቱ ላይ አነጠፍን። የስብራቱ ጠርዝ ቀጭን ስለሆነ ማጣበቂያው የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው። ጨርቁ ግን ኃይሉን በሰፊ ቦታ ያከፋፍለዋል።

ይኸው ከኅዳር ጀምሮ በዚሁ ድምፅ ማጉያ እያነበብን ነው። የክበባችን ወጪ ሁለት ቱቦ ማጣበቂያ ብቻ ነበር።

ታዲያ የሚያፈሰው ጄሪካንስ?

ለእሱ ሌላ መላ አለ። የጄሪካን ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል። ሠፈር ውስጥ ፕላስቲክ የሚጠግኑ ሰዎች በጋለ ብረት ቀዳዳውን አለስልሰው፣ ከሌላ ጄሪካን የተቆረጠ ቁራጭ የሚያቀልጡበት ለዚህ ነው። አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ከአንድ ዓይነት ጋር ቀልጦ ይዋሃዳል። ጭሱ ስለሚጎዳና ብረቱ ስለሚያቃጥል ለሚያውቁት መተው ነው።

ጥንቃቄ

ከትልቅ ሰው ጋር ብቻ ሥሩ፤ በርና መስኮት ክፈቱ። ያልጠነከረ ኢፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል፤ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያመጣል። ጓንት ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ከነካችሁ ቶሎ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ በቤንዚን ወይም በአልኮል አትታጠቡ። ብዙ በአንዴ አትደባልቁ፤ ሲጠነክር ሙቀት ስለሚያወጣ ብዙ ከሆነ ሊያቃጥልና ሊጨስ ይችላል። የምግብና የመጠጥ ዕቃ፣ የተሰበረ ሶኬትና ቻርጀር በፍጹም አትለጥፉ። ቱቦዎቹን ከሕፃናት አርቁ፤ የአንዱን ክዳን ለሌላው አትግጠሙ፣ አፉ ላይ ይጠነክራል።

ራሳችሁን ፈትኑ

ሀ. ማጠንከሪያው ከሬዚኑ ቢበዛ ምን ይሆናል? ለምን?

ለ. የባልዲያችሁ ቁራጭ ውሃ ላይ ተንሳፈፈ። ኢፖክሲ ትገዛላችሁ?

ሐ. የኢፖክሲ መጠንከርና የጄሪካን ፕላስቲክ መቅለጥ የትኛው ፊዚካዊ፣ የትኛው ኬሚካዊ ለውጥ ነው?

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ያለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩ። ሰላም ቆዩ!