አንድ ሸክላ፣ ሁለት ቅኝት

የጃዝ ሸክላና ሲዲ የምንሰበስብ ጓደኛሞች ስንገናኝ ክርክራችን ያው ነው፤ የድሮው ይሻላል ወይስ ዳግም የታተመው? እኔ ግን በዜና ትምህርት «ምንጩ ማነው?» እንደምንባለው፣ መቅደም ያለበት «ከየትኛው ቴፕ ተቀዳ?» የሚለው ይመስለኛል።

የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1959 ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙዚቃዎች ሲቀረጹ ዋናው መቅረጫ ትንሽ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። እንዲህ የተቀረጸ ቴፕ በትክክለኛው ፍጥነት ሲከፈት ሙዚቃው ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ስለዚህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሸክላው ጋር ፒያኖ ለመጫወት የሞከረ ሁሉ ቅኝቱ አልገጥም ሲለው ኖሯል። ኤፕሪል 22 የተቀረጸው ሁለተኛው ገጽ ግን ደህና ነው።

ደግነቱ፣ በዚያው ዕለት ጎን ለጎን ይቀርጽ የነበረው የመጠባበቂያ ማሽን ፍጥነቱ ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የተስተካከለ እትም የተሠራው ከሱ ቴፕ ነው።

እጃችሁ ያለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ «ሶ ዋት»ን ክፈቱና ከማይልስ ሶሎ መጀመሪያ እስከ ቢል ኢቫንስ የፒያኖ ሶሎ መጀመሪያ ያለውን በሰዓት ለኩ። የተስተካከለው በጥቂት ሰከንዶች ይረዝማል። ከመካከላችን ፈጣኑን ስለለመደ የሚመርጥ አለ፤ ጆሮው ነውና አልከራከረውም። ሽፋኑ ላይ «ዲጂታል» የሚል ስላየ ብቻ ከሚገዛው ጋር ግን ገና አልጨረስንም።