በውጤት ሰሌዳ ላይ የማይጻፍ ድካም

 

ባለፈው ሰሞን ከመዝሙር ጥናት በኋላ በግቢያችን ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስለ ቅርጫት ኳስ ስንጨዋወት፣ «ታላቅ ተጫዋች የሚባለው ማን ነው?» የሚል ክርክር ተነሣ። አብዛኞቻችን ብዙ ነጥብ የሚያስቆጥሩትን ጠራን። ከመካከላችን አንዱ ግን ብዙዎቻችን ሰምተነው የማናውቀውን የኒክ ኮሊሰንን ስም አነሣ። ሣቅንበት። ታሪኩን ዘርዝሮ ሲነግረን ግን ሣቃችን ቆመ። ነገሩ ከኳስ ሜዳ አልፎ ወደ ራሳችን ቤት የሚገባ ሆኖ ስላገኘነው፣ ለዚህ ሳምንት ጥናት እንዲሆነን ጻፍነው።

የጨዋታው መሠረት

ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ ካናዳዊ መምህር ነው። የነገረ መለኮት ትምህርት የተማረ ሰው ሲሆን፣ በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 ዓ.ም. በብርዱ ወራት በቤት ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ ለተማሪዎቹ ሊያዘጋጅ ፈለገና የሕንፃውን ጠባቂ ሁለት ሣጥን እንዲያመጣለት ጠየቀው። ጠባቂው ሣጥን ቢያጣ ሁለት የኮክ ቅርጫት ይዞለት መጣ። ጨዋታው ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚጠራው ስም የመጣው ጥቂቶች ብቻ ከሚያስታውሱት ከአንድ የሕንፃ ጠባቂ እጅ ነው!

ኔይስሚዝ ካወጣቸው 13 ደንቦች አንዱ፣ ኳስ የያዘ ሰው ይዞ እንዳይሮጥ የሚከለክል ነበር። ከያዘበት ቦታ ሆኖ ለጓደኛው መወርወር ነበረበት። ኳስን እያነጠሩ መሄድ የመጣው በኋላ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሲጀመር የተመሠረተው ለሌላው በመስጠት ላይ ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

የኮሊሰን አገልግሎት

ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1898 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በዚያ ለብዙ ዘመን አስተማረ። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከተጫወቱት ወጣቶች አንዱ ኒክ ኮሊሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ትምህርቱን ሲፈጽም የሲያትል ቡድን መረጠው። ሆኖም ሁለቱም ትከሻዎቹ ቀዶ ሕክምና ስላስፈለጋቸው የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት አሳለፈ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ሲዛወር አብሮ ሄደ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ቡድኑ ካደረጋቸው የመጀመሪያዎቹ 32 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሦስቱን ብቻ ነበር። ኮሊሰን ግን በድሉም በሽንፈቱም ጊዜ እስከ 2018 ድረስ ከዚያው ቡድን ሳይለይ ቆየ።

ቁጥሩን ብቻ ለሚመለከት ሰው ኮሊሰን ተራ ተጫዋች ነው። በ910 ጨዋታዎች ያስቆጠረው በአማካይ 5.9 ነጥብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በተቀያሪዎች ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ታዲያ ሥራው ምን ነበር?

አንደኛ፦ ነጥብ አስቆጣሪው ጓደኛው ነጻ ቦታ እንዲያገኝ፣ በተከላካዩ መንገድ ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ግጭቱን የሚቀበለው እርሱ ነው፤ ነጥቡ ግን በጓደኛው ስም ይጻፋል።

ሁለተኛ፦ ወደ ቅርጫቱ በፍጥነት የሚመጣውን ባላጋራ፣ እግሩን ተክሎ ቆሞ በደረቱ ይቀበልና ይወድቃል። ደንቡን ጠብቆ ከቆመ ጥፋቱ በመጪው ላይ ይቆጠራል፤ ኳሱም ለወዳቂው ቡድን ይሆናል። በዚህ ሥራ ኮሊሰን የታወቀ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ለጓደኞቹ አንድ ኳስ ለማትረፍ ሲል በወለል ላይ በጀርባው መውደቅን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው!

ሦስተኛ፦ የስቱን ኳስ ሁሉ ይሻማል፤ ይዞም ለተሻለ ቦታ ለቆመው ያቀብላል። ወንበር ላይ ሲሆንም ታናናሾቹን ይመክራል።

የተመልካቾች ምስጋና

ከኮሊሰን ጋር በኦክላሆማ ሲቲ ከተጫወቱት መካከል ኬቪን ዱራንት፣ ራስል ዌስትብሩክና ጄምስ ሃርደን ይገኛሉ። ሦስቱም በተለያዩ ዓመታት የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብለው ተሸልመዋል። የከተማው ሕዝብ እነርሱን አላደነቀም ማለት አይደለም፤ እጅግ አድንቋል። ነገር ግን «ሚስተር ተንደር» የሚል የፍቅር ስም ያወጣው ለኮሊሰን ነው። ተንደር፣ ማለትም ነጎድጓድ፣ የቡድኑ መጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2019 ቡድኑ የኮሊሰንን የማሊያ ቁጥር 4 ሌላ ሰው እንዳይለብሰው ወስኖ በአዳራሹ ከፍታ ላይ ሰቀለው። ቡድኑ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ከመጣ ወዲህ እንዲህ የተከበረ የመጀመሪያው ተጫዋች እርሱ ሆነ።

ይህ ለምን ሆነ? ሕዝቡ ዓመት በዓመት ሲመለከት ማየትን ስለተማረ ነው። መጀመሪያ ዓይን የሚከተለው ኳሱን ነው። እየቆየ ሲሄድ ግን ኳሱ በሌለበት ቦታ የሚደክመውን ማየት ይለምዳል። የሚያይ ዓይን ሲገኝ ምስጋና ይከተላል።

አንድ ጥያቄ

ጌታችን በጎ ሥራን በስውር እንድናደርግ፣ ቀኝ የሚሠራውን ግራ እንዳታውቅ አስተምሮናል። «ታዲያ በስውር የሚደክመውን ሰው ማመስገን ዋጋውን ማሳጣት አይሆንምን?» ብሎ የጠየቀ ከእኛው መካከል ነበር። ጥያቄው መልካም ነው። መልሱን ያገኘነው በዚያው በወንጌል ነው። ከለምጻቸው ከነጹት ዐሥሩ ሰዎች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ ነበር፤ ጌታችንም ዘጠኙ ወዴት እንዳሉ ጠየቀ (ሉቃ. 17)። እንግዲህ ምስጋናን አለመፈለግ የሠሪው ግዴታ ነው፤ ምስጋናን አለመንፈግ ደግሞ የተመልካቹ ግዴታ ነው። ሁለቱ አይጋጩም።

በኦሪትም እናስታውስ። እስራኤል ከዐማሌቅ ጋር ሲዋጉ የሙሴ እጅ በወጣ ጊዜ ያሸንፉ ነበር። እጁ በደከመ ጊዜ ግን አሮንና ሖር ግራና ቀኝ ሆነው ፀሐይ እስክትገባ ደገፉት (ዘጸ. 17)። ሰይፍ የያዘው ኢያሱ ነው፤ እጁን የዘረጋው ሙሴ ነው፤ የደጋፊዎቹም ስም ግን በመጽሐፉ ሳይጻፍ አልቀረም። ቅዱስ ጳውሎስም ደካሞች የሚመስሉት የአካል ክፍሎች ይልቁን የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ለቆሮንቶስ ሰዎች ያስተማረው ስለዚሁ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

አሁን የምናፍርበትን ነገር እንናገር። ከእኛ ጋር አንድ ወንድም አለ። ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ አዳራሹን ይጠርጋል፤ ወንበር ይደረድራል፤ ከበሮውን ተሸክሞ ያወጣል፤ ይህንንም ጽሑፍ በማባዣው ላይ እጀታውን እያዞረ እጁ በቀለም እስኪጠቁር ያባዛል። ስሙን እዚህ እንድንጽፈው አይወድም። ይህ ወንድማችን በተከታታይ ሦስት ሰንበት ቀረ። መቅረቱን ያወቅነው አዳራሹ ሳይጠረግ በመገኘቱ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን በመጀመሪያ የጠየቅነው «እርሱ ወዴት ነው?» ብለን ሳይሆን፣ «ወንበሩ ለምን አልተደረደረም?» ብለን ነበር!

በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ ስንሄድ እናቱ ታመው ሲያስታምም አገኘነው። ቀድሞ «ደኅና ናችሁ ወይ? ጽሑፉስ ወጣ?» ብሎ የጠየቀን እርሱ ነበር። መልስ አጣን። የባዕድ አገር ሕዝብ ኳስ ሲመለከት የተማረውን፣ እኛ በአንድ ቤት አብረን እየጸለይን አልተማርንም ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር ወስነናል።

1ኛ. ማየትን እንማር። በየጉባኤው መጨረሻ በዚያ ቀን ሳይታይ የደከመው ማን እንደ ሆነ እርስ በርሳችን እንጠያየቅ።

2ኛ. ምስጋናን አናዘግይ። አንድ ሰው ሲቀር ሥራውን ሳይሆን ሰውየውን አስቀድመን እንፈልግ።

3ኛ. በተራችን እኛም የማይጻፈውን ሥራ እንያዝ። ድካምን ተካፍሎ የማያግዝ ምስጋና ከአፍ አያልፍምና። ወንድማችን ተመልሶ እስኪመጣ መጥረጊያውን በየሳምንቱ በተራ ይዘናል፤ ከተመለሰም በኋላ አንተውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በሰንበት ትምህርት ቤታችን ቢቋረጥ ወዲያው የሚታወቅ፣ ሲሠራ ግን የማይታይ አገልግሎት የትኛው ነው?

ለ. ሳይመሰገን የሚያገለግል ሰው እንዳይሰለች ምን ይርዳው?

ሐ. በቤታችንስ ሳናመሰግነው የኖርን ማን አለ?

የተሰወረውን የሚያይ አምላክ እኛንም የሚያይ ዓይን ይስጠን። አሜን።