ኢንተርኔት፦ የጋራ ቦኖ ወይስ የገበያ ሸቀጥ?

በዚህ ዕትም ትምህርታችን የምናነሳው ጥያቄ፣ ኢንተርኔት እንደ መንገድና እንደ ውኃ ለሁሉም ሊዳረስ የሚገባው አገልግሎት ነው ወይስ የከፈለ ብቻ የሚያገኘው ሸቀጥ? የሚል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ከእኛ የራቀ አይደለም። ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. በ2016 ያወጣው ጥናት፣ ስደተኞች በእጃቸው ከሚገባው ገንዘብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ለስልክና ለኢንተርኔት እንደሚያወጡ ይገልጻል። ይህ ከዘይቱና ከሳሙናው ላይ የሚቀነስ ነው።

አጀማመሩ

ኢንተርኔት በንግድ አልተጀመረም። መነሻው በ1969 በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተዘረጋው አርፓኔት ነው። በኋላም የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያገናኝ ዋና መስመር ያስተዳድር ነበር። ይህ መስመር በ1995 ተዘግቶ ሥራው ወደ ንግድ ኩባንያዎች ተላለፈ።

የንግድ ጥቅምና ጉድለት

ምሥራቅ አፍሪካ እስከ 2009 ድረስ በአብዛኛው የምትገናኘው ዋጋው ውድ በሆነ ሳተላይት ነበር። በዚያ ዓመት ሲኮም የተባለ የግል ኩባንያ በባሕር ሥር የዘረጋው ገመድ ሥራ ጀመረ። የኬንያ መንግሥትም ከኩባንያዎች ጋር በሽርክና ቲምስ የተባለውን ገመድ ሞምባሳ አስገባ። ሆኖም ነጋዴ ትርፍ ወደሌለበት አይሄድም፤ ሕዝቡ ተበታትኖ በሚኖርበት በረሃ ማማ መትከል አያዋጣውም። ስለዚህ ኬንያ ኩባንያዎች ከዓመታዊ ገቢያቸው 0.5 በመቶ አገልግሎቱን ላላገኙ አካባቢዎች ማስፋፊያ ፈንድ እንዲያዋጡ ደነገገች።

መንግሥት ቢይዘውስ?

በኢትዮጵያ ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ እስኪጀምር ድረስ ብቸኛው አቅራቢ የመንግሥት ድርጅት ነበር። በ2020 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቋረጥ ሕዝቡ የሚሄድበት ሌላ በር አልነበረውም። እንግዲህ የመንግሥት ንብረት መሆን ብቻውን የሕዝብ አያደርገውም።

ምን ይሻላል?

ፊንላንድ በ2010 በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚደርስ መስመር ማግኘትን የነዋሪው ሕጋዊ መብት አደረገች፤ የማቅረቡን ግዴታም በኩባንያዎች ላይ ጣለች። እኛም የምንደግፈው ይህንን ዓይነቱን መንገድ ነው። ነጋዴው ይሥራ፣ ያትርፍም። ነገር ግን ቤተሰብ ለመፈለግ፣ ለመማርና ጉዳይን ለመከታተል የሚያስፈልገው ያህል ለድሃውም ይድረስ፤ ማንም እንዳሻው እንዳይዘጋውም ሕግ ይጠብቀው። ቦኖውን ማን ተከለው ከማለት ይልቅ፣ ማን ይቀዳል፣ በስንት ይቀዳል፣ ቁልፉስ በማን እጅ ነው ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ለውይይት

1. በሰፈራችሁ ኢንተርኔት የማያገኙት እነማን ናቸው? የሚያግዳቸው ዋጋው ነው፣ መታወቂያ ማጣት ነው ወይስ ስልክ አለመኖሩ?
2. በጋራ የሚሠራ አንድ የኢንተርኔት ክፍል ቢከፈት፣ ማን ያስተዳድረው? ወጪውስ እንዴት ይሸፈን?